አባይን የተሻገሩ ሁሉ

አባይ በረሃን ወርደን ደጀን ስንወጣ ነፋሱ ቀዘቀዘ። ሰው ጎጃምን የሚያውቀው በነባርነቱ፣ በቅኔውና በገዳማቱ ነው። ልክ ነው። እኔ ግን በዚህ ጉዞ ልከተል የፈለግሁት ከሌላ ቦታ መጥተው እዚህ አገር ያደረጉትን ነው።

ከደብረ ማርቆስ አልፎ ፍኖተ ሰላም ሲደረስ ዳሞት ነው። በመካከለኛው ዘመን ግን ዳሞት የሚባለው መንግሥት ከአባይ በስተደቡብ ነበር። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የኦሮሞ መስፋፋት ሲበረታ ሕዝቡ የአገሩን ስም ይዞ ወንዙን ተሻገረ። የራሳቸው ቋንቋ የነበራቸው ጋፋቶችም እንዲሁ። ቋንቋቸው ቀስ በቀስ በአማርኛ ተዋጠ። የቋንቋ ሊቁ ዎልፍ ሌስላው በ1947 እ.ኤ.አ. ፈልጎ ፈልጎ ያገኘው አራት ተናጋሪዎችን ብቻ ነው። ዛሬ አንድም የለም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ኦሮሞዎቹም ቢሆኑ ወዲያ ማዶ አልቀሩም። አፄ ሱስንዮስ በልጅነቱ በኦሮሞዎች ተማርኮ አብሯቸው ያደገ ሰው ነው። በኋላ ከጎኑ የቆሙትን ጎጃም ውስጥ አሰፈራቸው። ይልማና፣ ዴንሳ፣ ሜጫ፣ ሊበን የምንላቸው የቦታ ስሞች የኦሮሞ ጎሳ ስሞች ናቸው። የአሳዳጅና የተሳዳጅ የልጅ ልጆች ዛሬ በአንድ ደብር ያስቀድሳሉ፣ በአንድ እድር ይቀባበራሉ።

ሰከላ ላይ ግሽ አባይን ተሳለምኩ። ጸበሉ ዘንድ ሰው ሞልቷል። በ1618 እ.ኤ.አ. ስፔናዊው ካቶሊክ ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ እዚህ ቆሞ ምንጩን አይቷል። ከዚያ ግን የሃይማኖት ጦርነት መጣ፣ የሱስንዮስ ልጅ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያን የሚባሉትን የፓኤዝን ማኅበር ካህናት አባረረ። የመጣ ሁሉ አልተቀመጠም።

ልቤን የያዘው ግን የቅርቡ ፍልሰት ነው። ቻግኒ መናኸሪያ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ።

«ወዴት ነው አባባ?»

«ወደ ፓዌ፣ ልጄ። ቤቴ ነዋ።»

ትውልዳቸው ወሎ ነው። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ደርግ ከወሎ፣ ከከምባታና ከሀዲያ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አምጥቶ በለስ ሸለቆ ላይ አሰፈረ። ፓዌ ያለበት መተከል ያኔ ጎጃም ነበር፣ ዛሬ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ውስጥ ነው። መንደሮቹ እስካሁን በቁጥር ይጠራሉ። ጣሊያኖች የጣና በለስ የልማት ፕሮጀክትን ይዘው መጡ፣ መንግሥት ሲለወጥ ፕሮጀክቱ ቆመ፣ ብዙ ሰፋሪም ወደ መጣበት ተመለሰ።

«ወባው ፈጀን» አሉኝ። «ደገኛ ነን፣ ቆላ አናውቅም። ደግሞ መሬቱ ባዶ ነው ብለውን ነበር። የምን ባዶ! ጉሙዞች ነበሩበት። ጫካቸው ሲመነጠር ቆመው ያዩ ነበር።»

ስለ ሰፈራ ሲወራ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ መዘለል የለበትም። በረሃብ የተሰደደውም፣ መሬቱን ያጣውም ሳይጠየቅ ነው የተወሰነበት። በኋላ በዚያ አካባቢ የፈሰሰውን ደም ያለዚህ ታሪክ መረዳት አይቻልም።

«ወሎ መመለስ አላሰቡም?» አልኳቸው።

«አንዴ ሄጄ ዘመድ ጠይቄ መጣሁ። እዚያ እንግዳ ነኝ፣ አልጋ ለቀው ነው ያስተኙኝ። ልጆቼ ፓዌ፣ እናታቸውም የተቀበረችው ፓዌ። ማሽላዬስ? ማን ያጭድልኛል?»