ነጭ የደም ሴል ማጣሪያውን ከኦፕራሲዮን ክፍል ወደ ደም ባንክ ያዞርኩት እንዴት ነው?

ሥራዬ በልብ ቀዶ ሕክምና ላይ ማደንዘዣ መስጠት ነው። ደም የሚወስዱ ታካሚዎቻችን ነጭ የደም ሴሉ የተጣራለት ደም እንዲያገኙ ብዙ ወጥቻለሁ፣ ብዙ ወርጃለሁ።

ታካሚው የሚፈልገው ቀይ የደም ሴል ነው። ያልተጣራ ከረጢት ግን የለጋሹን ነጭ ሴሎችም ይዞ ይመጣል። እነሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣሉ፤ ነጭ ሴል ውስጥ የሚደበቀውን ሳይቶሜጋሎ ቫይረስንም ሊያስተላልፉ ይችላሉ። የልብ ታካሚ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የልብና የሳንባን ሥራ በሚተካው ማሽን ቱቦዎች ደሙ ሲዞር የራሱ ነጭ ሴሎች ቀድመው ተቆጥተዋል። በዚያ ላይ የሌላ ሰው ነጭ ሴል መጨመር በእሳት ላይ ቤንዚን ነው።

ሰርጀኖቹን ያሳመንኩት በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣ የኔዘርላንድስ ጥናት ነው። 914 የልብ ቀዶ ሕክምና ታካሚዎች ነበሩበት። የተሰጣቸው ደም በነጭ ሴል ማጣሪያ ካላለፈው መካከል በ60 ቀን ውስጥ 7.8 በመቶው ሞቱ። ከተጣራላቸው ሁለት ቡድኖች የሞቱት 3.6 እና 3.3 በመቶ ናቸው። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው ከሦስት ከረጢት በላይ በወሰዱት ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በኋላ የተሠሩት ጥናቶች ሁሉ ይህን ያህል አላገኙም። እኔ ግን ብዙ ደም ለሚወስድ ታካሚ ማጣራቱን አልተውም።

የጀመርነው እዚያው ኦፕራሲዮን ክፍል፣ ከረጢቱ ሥር ማጣሪያ በመግጠም ነበር። በተራው የደም መስመር ላይ ያለው ወንፊት ቀዳዳው ከ170 እስከ 260 ማይክሮን ነው። የረጋ ደም ይይዛል፣ ነጭ ሴል ግን በቀላሉ ያልፈዋል። የነጭ ሴል ማጣሪያ የተሠራው ከቀጫጭን ክሮች ነው፤ ብዙዎቹ ሴሎች ክሩ ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ። ስለዚህ ቀስ ይላል። ሰርጀኑ «ቶሎ በሉ!» ሲል ደሙ ጠብ ጠብ ይላል። ከረጢቱን መጭመቅ ያምራል፤ ግን በግፊት ከተገፋ ማጣሪያው ሥራውን በደንብ አይሠራም።

ከዚህ የባሰው የደም ግፊት መውረድ ነው። ከታካሚዎቻችን ብዙዎቹ እነ ኤናላፕሪልን የመሰሉ የልብና የደም ግፊት መድኃኒቶች ይወስዳሉ። ደሙ አንዳንድ ማጣሪያዎችን ሲነካ ብራዲካይኒን የሚባል ንጥረ ነገር ይፈጠራል፤ እሱ ደግሞ የደም ሥርን ያሰፋል። መድኃኒቱ ብራዲካይኒንን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ስለሚያግድ ግፊቱ በደቂቃዎች ውስጥ ዝቅ ይላል። አንድ ታካሚ ላይ ይህ ሲደርስ ሁላችንም ደም እየፈሰሰ መስሎን ቁስሉን ስንፈትሽ ነበር። ደሙን ስናቆመው ግፊቱ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ደም እንደተጀመረ ግፊት ከወረደ እጄ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ደም መስመሩ መዝጊያ ነው።

ማጣራቱን ከኦፕራሲዮን ክፍል ለማውጣት የፈለግኩበት ሦስተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። ደሙ ፍሪጅ ውስጥ በቆየ ቁጥር ነጭ ሴሎቹ ይፈራርሳሉ፣ ትኩሳት የሚቀሰቅሱ ሳይቶካይን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችንም ይለቃሉ። አልጋው አጠገብ ስናጣራ ሴሉን እንጂ የተለቀቀውን አናስቀርም።

ስለዚህ ደም ባንኩን ለመንኩ። ማጣሪያው አብሮት የተገጠመ የከረጢት ስብስብ አለ፤ ደሙ ከተለገሰ በኋላ ሳይከማች በራሱ ክብደት ወርዶ ይጣራል። ዋጋው ላይ ተከራከርን፤ ለሁሉም ስላልተቻለ ለልብ ታካሚዎች ቅድሚያ ተሰጠ። ያላሰብኩት ሥራ ቆጠራው ነበር። በአውሮፓ መስፈርት በአንድ ከረጢት የሚቀረው ነጭ ሴል ከ1 ሚሊዮን፣ በአሜሪካ ከ5 ሚሊዮን ማነስ አለበት። ተራው የሴል መቁጠሪያ ማሽን ይህን ያህል ጥቂት ሴል በትክክል አያነብም፤ በልዩ መቁጠሪያ መስታወት በማይክሮስኮፕ ወይም ሴሎችን በብርሃን አንድ በአንድ በሚለይ መሣሪያ (ፍሎው ሳይቶሜትር) መቆጠር አለበት። አንዳንድ ከረጢት ደግሞ ጭራሽ አልጣራ ይላል። ለጋሹ የሲክል ሴል (ቀይ የደም ሴልን ማጭድ የሚያስመስል የዘር በሽታ) ባሕርይ ተሸካሚ ከሆነ ማጣሪያው ሊደፈን ይችላል።

አሁንም ደጋግሜ የማስረዳው አንድ ነገር አለ። የተጣራ ደም ማለት ጨረር የተደረገበት ደም ማለት አይደለም። ሊምፎሳይት የሚባሉት የለጋሹ ነጭ ሴሎች ታካሚውን እንዳያጠቁ የሚያደርገው ጨረሩ ነው። የሥጋ ዘመድ የለገሰው ደም ቢጣራም እንኳ ጨረር ያስፈልገዋል።