ቢጫው ብናኝ

የምሠራው አሜሪካ ውስጥ፣ ያረጁ የጦር አውሮፕላኖችን ጠግኖ ለዕይታ በሚያበቃ አንድ ሃንጋር ውስጥ ነው። ሙያዬ ላሜራ ነው። የተበላውን እቀይራለሁ፣ ሪቬት እመታለሁ፣ ቀለም እፍቃለሁ። ይህ ገጠመኝ በእኔ እጅ ስለጠፋ ነገር ነው።

አውሮፕላኑ ኤፍ-86 ሴበር ነበር። ኖርዝ አሜሪካን የተባለው ፋብሪካ የሠራውና በፈረንጆቹ 1947 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ጄት ነው። ክንፉ 35 ዲግሪ ወደ ኋላ ያጋደለ ሲሆን በአፍንጫው ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት መትረየስ ነበረው። የእኛም አገር ሰው ያውቀዋል። በፈረንጆቹ ከ1960 ጀምሮ ደብረ ዘይት ገብቷል፤ በ1961 ደግሞ የኢትዮጵያ አየር ኃይል አራት ሴበሮችን ለተባበሩት መንግሥታት ዘመቻ ኮንጎ ልኳል። ስለዚህ እኛ ሃንጋር ሲመጣ እንደ ዘመድ ነው የተቀበልኩት።

ረቡዕና ቅዳሜ እየመጡ በነጻ የሚያግዙን አንድ ኢትዮጵያዊ አባት አሉ። በወጣትነታቸው ደብረ ዘይት ሴበር ላይ የሠሩ የሞተር ቴክኒሽያን ናቸው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። አውሮፕላኑ የመጣ ቀን ማንንም ሰላም ሳይሉ ቀጥ ብለው ወደ አብራሪው ወንበር ሄዱ፤ ወንበሩን የሚያስፈነጥረው ፈንጂ መውጣቱን በዓይናቸው ሳያዩ ሰው እንዲጠጋ አልፈቀዱም። ከዚያ በኋላ ነው የአውሮፕላኑን ሆድ በመዳፋቸው እየዳበሱ የሳቁት።

አውሮፕላኑ ለብዙ ዓመታት ደጅ የቆመ ነው። በየጊዜው ግራጫ ቀለም ደራርበውበታል፤ ከሥሩ አልሙኒየሙ ነጭ ዱቄት አውጥቷል። ለጎብኚ የሚከፈትበት ቀን ሦስት ሳምንት ብቻ ስለቀረው ጭራውን ቶሎ ፍቄ እንዳስረክብ ተነገረኝ። ማክሰኞ ነበር። በአየር የሚሠራውን መፋቂያ አነሣሁና በቀኝ በኩል ካለው የቋሚው ጭራ ገጽ ጀመርኩ።

ግራጫው አልቆ የሚወጣው ብናኝ ወደ ቢጫ ተለወጠ። አየሁት። ዚንክ ክሮሜት መሰለኝ፤ አውሮፕላን ቤት የምንቀባው አንቲሩጂን፣ የዝገት መከላከያ ቀለም ማለት ነው። ክሮሜት ለሳንባ መርዝ ስለሆነ የአፍንጫ መሸፈኛዬን አጠበቅሁና ቀጠልኩ። ቀጥሎ ጥቁር ወጣ፣ ከዚያ ላሜራው አበራ። ከምሳ በፊት ጨረስኩ። ፎቶ አላነሣሁም።

በነጋታው ጋሼ ሲገቡ ወለሉ ገና አልተጠረገም ነበር። ጎንበስ ብለው ብናኙን በሁለት ጣታቸው ቆነጠሩ፤ ወደ መስኮቱ ይዘውት ሄዱ።

«ልጄ፣ ይሄ ከየት የወጣ ነው?»

«ከጭራው ነው ጋሼ። አንቲሩጂኑ ነው።»

«ዚንክ ክሮሜት አረንጓዴ ይላል። ይሄ የእንቁላል አስኳል ነው። ይሄ የተሣለ ነገር ነው።»

መልስ አልነበረኝም። ባትሪያቸውን አውጥተው ብርሃኑን ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን፣ ላሜራውን እየላሰ እንዲሄድ አድርገው ያዙት። ቀለም ለዓመታት የሸፈነው ላሜራና ፀሐይ የመታው ላሜራ አንድ ዓይነት አያረጁም፤ ቀለሙ ቢፋቅ እንኳ ጥላው ይቀራል። በዚያ ብርሃን ውስጥ አንድ 7 ቁጥር ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ከእሱ በፊት ያለው 4 ይሁን 1 አልለይም። ሌላውን መፋቂያዬ በልቶታል። አብራሪው ክፍል ውስጥ ያለው የፋብሪካ ሰሌዳ ላይ የተመታው ቁጥር ግን በ7 አያልቅም።

ሴበርን የማያውቅ ሰው ይህን ስህተት ይለው ይሆናል። የሴበር ሞተር የሚወጣው ግን ሰውነቱ ለሁለት ተከፍሎ ነው። ከክንፉ በስተኋላ ያለው ክፍል ቡሎኖቹ ተፈትተው ከነጭራው በጋሪ ወደ ኋላ ይሳባል፤ ጄ-47 ሞተሩ ራቁቱን ይቀራል። የአንዱ ጭራ ሲጎዳ የሌላውን አምጥቶ መግጠም ይቻላል፤ ጋሼም ደብረ ዘይት በእጃቸው እንዲህ አድርገዋል። ጭራው ላይ የሚጻፈው ቁጥር ደግሞ አውሮፕላኑ የታዘዘበትን በጀት ዓመት የመጨረሻ አሃዝ አስቀድሞ መለያውን ያስከትላል። በፈረንጆቹ 1952 ከሆነ በ2 ይጀምራል። እኔ የፋቅሁት እንግዲህ የሌላ አውሮፕላን ስም ነበር።

ቢጫው ከዚያ ይብሳል። ኮሪያ ጦርነት ላይ የነበረው አራተኛው የተዋጊ ክንፍ ሴበሮቹን የሚለየው ጭራቸው ላይ በተሣለ፣ ዳርና ዳሩ ጥቁር በሆነ ቢጫ መቀነት ነው። በአፍንጫ በኩል ያለው የእኛ አውሮፕላን ከአሜሪካ ወጥቶ አያውቅም፤ መዝገቡ አለን። ጭራው ግን ኮሪያ ሰማይ ላይ የነበረ ሊሆን ይችላል። ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡና ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «የቃኘው ልጆች ከታች ሲዋጉ ይሄ ከላይ ያልፍ ኖሯል» አሉ ቀስ ብለው። ተቆጡኝ ማለት አልችልም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ኃላፊያችን አብረውኝ ሄዱ። ሥራው ቆመ፤ የመክፈቻው ቀን ተራዘመ። እውነቱን ለመናገር አለቃዬ ቀኑን ለማራዘም አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቁት፦ «ግራው ጎን አልተነካም?» አልተነካም ነበር። ቁጥሩና መቀነቱ በሁለቱም ጎን ይሣላል።

ግራውን ዘጠኝ ቀን ሠራነው። ማሽን የለም። ቁጥር 1000 ብርጭቆ ወረቀት በውሃ፣ መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ፣ በክብ በክብ። ጋሼ ባትሪ ይይዛሉ፤ እኔ አሻለሁ። ቀለሙ በተለወጠ ቁጥር አቁመን ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጠን ፎቶ እናነሣለን። ግራጫ፣ ሌላ ግራጫ፣ ቀጭን ነጭ፣ ከዚያ ቢጫው። በሰባተኛው ቀን ከቢጫው ጠርዝ ጥቁሩ መስመር ብቅ አለ፤ ቀጥ ያለ አይደለም፣ አንድ ቦታ ላይ ይወዛወዛል። በእጅ፣ በብሩሽ፣ ምናልባት በብርድ የተቀባ ነው። ያቺን የብሩሽ ጥምዝ ብዙ ጊዜ ቆሜ አይቻታለሁ። የዚያ ሰው እጅ ናት። በቀኝ በኩልም እንዲህ ያለች አንዲት ትኖር ነበር።

ቁጥሩ በዘጠነኛው ቀን ሙሉ በሙሉ ወጣ። የአሜሪካ አየር ኃይል ለእያንዳንዱ አውሮፕላን የያዘው የታሪክ ካርድ አላባማ፣ ማክስዌል የጦር ሰፈር በሚገኘው የታሪክ ማኅደር ውስጥ በፊልም አለ። ጠየቅን፤ መጣ። አራተኛው ክንፍ የነበረበት የኮሪያው ኪምፖ፣ ከዚያ ወደ አሜሪካ መመለስ፣ ከዚያ በማረፍ ላይ የደረሰ አደጋና ከመዝገብ መሰረዝ። አፍንጫው ሲደቅ ጭራው ደህና የተረፈ ይመስላል። ጋሼ ካርዱን መነጽራቸውን አድርገው ሦስት ጊዜ አነበቡት።

አሁን ከአውሮፕላኑ ፊት የቆመው ጽሑፍ ሁለት ቁጥር ይዟል፤ የፊቱንና የኋላውን። ግራው ጎን እንደወጣ ቀርቷል፤ ቀለም አልነካውም። ቀኙን ከግራው ፎቶ ገልብጠን አዲስ ቀባነው፤ አዲስ መሆኑም ተጽፎበታል። የጥገና መዝገቡ ውስጥ ደግሞ እንዲህ የሚል መስመር በእጄ አስገብቻለሁ፦ «የቋሚው ጭራ ቀኝ ገጽ፣ የመጀመሪያው ቀለምና ቁጥር ያለ ፎቶ በማሽን ተፍቋል።» ከሥሩ ቀኑንና ስሜን ጽፌ ፈርሜያለሁ።