የአልካራዝ ነገር!

እ.ኤ.አ. በ2025 አንድ ቀን ከሰዓት ቴሌቪዥን ፊት እንደተቀመጥኩ መሸ። የሮላን ጋሮስ (የፈረንሳይ ኦፕን ቴኒስ) የወንዶች ፍጻሜ 5 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ፈጀ! ካርሎስ አልካራዝ በያኒክ ሲነር በዙር (ሴት) 2 ለ 0 ተመርቶ፣ አንዱን ዙር መልሶ፣ በአራተኛው ደግሞ 5 ለ 3 እየተመራ ራሱ ኳስ በሚያስጀምርበት ጌም (ሰርቭ) 0 ለ 40 ሆነ። ለሲነር ዋንጫውን ለመውሰድ ከሦስት ዕድሎች አንዲት ነጥብ በቂው ነበረች። በቃ አለቀለት አልኩ። ልጁ ግን ፊቱ ላይ ድንጋጤ የሚባል የለም፤ ሦስቱንም አተረፋቸው። በአምስተኛው ዙር ታይብሬክ (እኩል ሲሆኑ አሸናፊውን የሚለየው ጨዋታ) 10 ለ 2 ጨረሰው።

የሙርሲያ ልጅ ነው፣ ከኤል ፓልማር። እ.ኤ.አ. በ2022 ዩኤስ ኦፕንን በ19 ዓመቱ ወስዶ በወንዶች የዓለም አንደኛ ሲሆን በዕድሜ ትንሹ እሱ ነበር። በዚያ ቀን ደግሞ በ22 ዓመቱ አምስተኛ ግራንድ ስላሙን (ከአራቱ ታላላቅ የቴኒስ ውድድሮች የአንዱን ዋንጫ) አነሳ። ብዙ ሰው ተሰጥኦውን ያወራል፤ እኔን ያስገረመኝ ግን ልቡ ነው። ሲነር ደግሞ አንጀቴን በላው፣ እሱም እኮ ያኔ ገና 23 ዓመቱ ነበር። ዊምብልደን ላይ እንደገና ባገናኛቸው አልኩ!