ዘበኛው በዛ ብዬ

ስላይዶቹ ከአዲስ አበባ የተመለሱት ሰኞ ጠዋት ነው። የጦሳ ጉም ገና አልተገፈፈም፤ ደሴ ብርዷ እጅ ያደነዝዛል። እኛ ላቦራቶሪ መደበኛውን ቀለም እንጂ ፕሮቲን ለይቶ የሚያሳየውን ስለማንሠራ፣ የአንዲት እናት ኦቫሪ (እንቁላል ማፍሪያ) ላይ የበቀለ ዕጢ ናሙና ተልኮ ነበር።

ማይክሮስኮፑ ሥር ከተትኩት። የዕጢው ሴሎች አስኳል አንድ ሳይቀር የተቆላ ቡና መስሏል። ቀለሙ የሚያሳየው ፒ53 የተባለው ፕሮቲን ሞልቷል። ተማሪ ሳለሁ የሴሉን ዲኤንኤ ስለሚጠብቅ «የጂኖም ዘበኛ» ብለው ነው ያስተማሩኝ። ዘበኛው እንዲህ ከበዛማ ምን ክፋት አለው? ኮሪደሩ ላይ የቆመውን ልጇን «አብሽር፣ ሰውነቷ እየተከላከለ ነው» አልኩት። ውጤት መንገር የኔ ሥራ አይደለም፤ አፌ ቀደመኝ።

ፓቶሎጂስቷ ስላይዱን አይተው ዝም አሉ። ያልኩትን ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ደህናው ፒ53 እንዲህ ተከማችቶ አይታይም» አሉኝ። «ዕድሜው በደቂቃ ነው የሚቆጠረው።»

በራችን ላይ ያለችው ምስማር አንዲት ናት፤ የቆሻሻ ፌስታል ተንጠልጥሎባታል። እሱን አወረዱና ጋውናቸውን ሰቀሉ። «በል አሁን ፌስታሉን ስቀል።» ቦታ የለም።

ፒ53 እንደ ሰንሰለት የተያያዙ 393 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ ጭራው አካባቢ ላይሲን የሚባሉ 6 አሚኖ አሲዶች ተጠጋግተው ተደርድረዋል። ምስማሮቹ እነሱ ናቸው። ሰላም በሆነ ሴል ውስጥ ኤምዲኤም2 የሚባል ፕሮቲን ዩቢኩቲን የሚባል ምልክት ይለጥፍባቸዋል፤ ያ ፌስታሉ ነው፤ የተለጠፈበት ፒ53 ፕሮቲአዞም የሚባለው የሴሉ መክተፊያ ውስጥ ገብቶ ይከተፋል። ዲኤንኤ ሲጎዳ ደግሞ ፒ300 እና ሲቢፒ የሚባሉ ፕሮቲኖች እዚያው ላይሲን ላይ አሴቲል የሚባል ትንሽ ኬሚካል ይሰቅላሉ። አሴቲል የያዘ ላይሲን ዩቢኩቲን አይቀበልም፤ ዘበኛው ሥራ ላይ ይቆያል። ሥራው ሲያልቅ ሰርት1 የሚባል ፕሮቲን አሴቲሉን ያወርደዋል።

እኔን የገረመኝ ሚቲል የሚባለው ሌላው ተሰቃይ ኬሚካል ነው። በሰንሰለቱ 372ኛ ቦታ ያለው ላይሲን ላይ ሲቀመጥ ፒ53ን ያበረታዋል፤ ሁለት ቤት ዝቅ ብሎ 370ኛው ላይ አንድ ሚቲል ሲቀመጥ ያደክመዋል። ያው ነገር፣ ጎረቤት ቦታ፣ ተቃራኒ ውጤት! መቁጠር ብቻ ሳይሆን የት ምን እንደተሰቀለ ማየት ያስፈልጋል ማለት ነው።

«ምስማሩን አታምልከው ደግሞ» አሉ እየሳቁ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተሙ የአይጥ ሙከራዎች ላይ እነዚያ የጭራ ላይሲኖች በሌላ አሚኖ አሲድ ተተክተው፣ ፒ53 እንደተፈራው አልተናጋም። ሌላም መያዣ አለው።

«ታዲያ የእናትየው ለምን በዛ?»

ኤምዲኤም2 እንዲመረት የሚያዝዘው ራሱ ፒ53 ነው። በሚውቴሽን (በጂን ለውጥ) የተበላሸው ግን ማዘዝ አይችልም፤ አፍራሹ ሲያንስበት የማይሠራው ዘበኛ ይከማቻል። ያየሁት ቡናማ ቀለም የሬሳ ክምር ነበር። ጭራሽ ምንም ቀለም ባይታይ እንኳ፣ በዙሪያው ያሉት ጤነኛ ሴሎች ትንሽ ትንሽ ቀለም ከያዙ፣ ያም የሚውቴሽን ምልክት ሊሆን ይችላል አሉኝ።

አብረን ወደ ኮሪደሩ ወጣን። እሳቸው ስለ ሕክምናው ሊያስረዱት፣ እኔ ይቅርታ ልጠይቅ። ልጁ ስልኩን ኪሱ ውስጥ እየከተተ ነበር።

«ለእህቴ ነገርኳት» አለኝ ፊቱ በርቶ። «ከኮምቦልቻ ተሳፍራለች።»