ስለ ታራሚዎች የመምረጥ መብት የጻፍኩት ጽሑፍ ለሕግ ጆርናል እስኪበቃ

የመጀመሪያው ረቂቄ ርዕስ «ዴሞክራሲና የመምረጥ መብት» ነበር። ስልሳ ገጽ ሞልቷል፤ ያልነካካሁት ጉዳይ አልነበረም። ለአንድ የሕግ ጆርናል ላክሁት። ከገምጋሚ እጅ ሳይደርስ፣ በስምንተኛው ቀን ከአርታኢው ጠረጴዛ ተመለሰ። የደረሰኝ መልስ ሁለት መስመር ሲሆን፣ ጽሑፉ የሚመልሰው ጥያቄ ምን እንደሆነ አልታየንም የሚል ነው። ለጥቂት ቀናት ተናደድኩ። ረጋ ብዬ ደግሜ ሳነበው ግን ልክ ነበሩ፤ ርዕስ እንጂ ጥያቄ አልያዝኩም።

ጥያቄዬን ያገኘሁት እዚያው ረቂቅ ውስጥ፣ ገጽ 41 ላይ በሦስት አንቀጽ ካለፍኩት ጉዳይ ነው፦ ተፈርዶበት የታሰረ ሰው የመምረጥ መብቱንስ ሊያጣ ይገባል ወይ? ከነፃነቱ ጋር ዜግነቱም አብሮ ይታሰራል ማለት ነው? የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 ኦገስት በተባለ ሰው ስም በሚጠራው የታራሚዎች የመምረጥ መብት ጉዳይ ሲወስን፣ ዳኛ አልቢ ሳክስ የእያንዳንዱ ዜጋ ድምፅ የክብሩና የሰውነቱ ምልክት እንደሆነ ጽፈዋል። ያንን አንቀጽ ባነበብኩት ቁጥር ልቤ ይነካል። የቀረውን አውጥቼ በዚህ ላይ ብቻ ጻፍኩ።

ወዴት እንደምልክም መማር ነበረብኝ። አሜሪካ ውስጥ ብዙዎቹን የሕግ ጆርናሎች የሚያርሙት ተማሪዎች ናቸው፤ አንድን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለብዙዎች መላክም የተለመደ ነው። በባለሙያ የሚያስገመግሙት ጆርናሎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉ እነሱ ዘንድ እያለ ለሌላ እንዳይላክ ይጠይቃሉ። እኔ የመረጥኩት ከእነዚህ አንዱን ነው። ግምገማው ስም ሳይታወቅ ስለሚካሄድ ስሜን ከሽፋኑ ብቻ ሳይሆን ከፋይሉ መረጃም ላይ አጠፋሁ፤ «ከዚህ በፊት እንዳሳየሁት» የሚሉ ሐረጎችንም አወጣሁ።

ሁለት ገምጋሚዎች ነበሩ። አንደኛው በጥቂት እርማት አሳለፈኝ። ሁለተኛው አምስት ገጽ ጻፈ፤ ያስተማረኝም እሱ ነው።

የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ታላቁ ችሎት እ.ኤ.አ. በ2005 በሂርስት ጉዳይ «ታራሚዎች ሁሉ እንዲመርጡ ወስኗል» ብዬ ነበር። ችሎቱ እንዲህ አላለም። የነቀፈው የወንጀሉን ክብደትም ሆነ የቅጣቱን ርዝመት ሳያይ ታራሚዎችን በጅምላ የሚከለክለውን የእንግሊዝ ሕግ ነው። በ2012 ደግሞ በስኮፖላ ጉዳይ፣ የኢጣሊያ ሕግ ክልከላውን ከወንጀሉ ክብደት ጋር ስለሚያያይዝ መብት አልጣሰም ብሏል። ስህተቱ የመጣው ፍርዱን ራሱን ሳላነብ፣ ሌላ ሰው ስለ ፍርዱ የጻፈውን ይዤ ስለጻፍኩ ነው። ከዚያ ወዲህ የፍርዱን አንቀጽ ቁጥር በዓይኔ ሳላይ የግርጌ ማስታወሻ አልጽፍም።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ስለ ካናዳው የሶቬ ጉዳይ የሰጠው አስተያየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የተፈረደባቸውን ታራሚዎች የሚከለክለውን ሕግ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ሽሯል። እኔ የአብዛኛውን ዳኞች ሐሳብ ስድስት ገጽ ሰጥቼ፣ የሐሳብ ልዩነቱን በአንድ የግርጌ ማስታወሻ ዘግቼዋለሁ። ገምጋሚው ከዘጠኝ ዳኞች አራቱን በአንድ መስመር እንዴት ታልፋለህ አለኝ። ልክ ነው። ከአራቱ አንዱ ዳኛ ጎንቲየር ያሉት ቀላል ነገር አይደለም፦ ሁለት ተቀባይነት ያላቸው የፖለቲካ ፍልስፍናዎች ሲጋጩ መምረጥ ያለበት ፍርድ ቤት ሳይሆን ፓርላማው ነው። ይህን ክርክር በሙሉ ጉልበቱ ለማስቀመጥ ሁለት ወር ፈጀብኝ፤ መልሴም የተሻለው ያኔ ነው።

የማሻሻያ ደብዳቤውን በሠንጠረዥ አዘጋጀሁ፤ በአንድ ወገን አስተያየቱ፣ በሌላው የቀየርኩት ነገርና ገጹ። አንዱን አስተያየት ግን አልተቀበልኩም። ስለ አሜሪካ አንድ ምዕራፍ እንድጨምር ተጠይቄ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1974 ወንጀለኞችን ከመምረጥ መከልከልን የፈቀደበት የሪቻርድሰን ጉዳይ የተመሠረተው በአሥራ አራተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ልዩ ቃላት ላይ ስለሆነ፣ ተመጣጣኝነትን፣ ማለትም ክልከላው ከወንጀሉ ጋር ይመጣጠናል ወይ የሚለውን፣ ለሚመረምር ጽሑፍ እንደማይመች በትሕትና አስረዳሁ። አርታኢዋ ተቀበለችኝ።

የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 25፣ በጥፋተኝነት ምክንያት መብቱ ሲታገድ የእገዳው ጊዜ ከወንጀሉና ከቅጣቱ ጋር ተመጣጣኝ ይሁን ይላል። መጠኑን የሚለካው ማን ነው፣ ዳኛው ወይስ ሕግ አውጪው? ጎንቲየርን እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ መልሼላቸዋለሁ ብዬ አላምንም። በመደምደሚያው ይህንኑ በግልጽ ጻፍኩት፤ አርታኢዋም አንድ ቃል ሳትነካ አሳተመችው።