በግማሽ ኢንች ቧንቧ የዳነው ሰርዶ

ትናንት ሌሊት ደብረ ማርቆስ ላይ ዝናብ ሲወርድ አደረ። ጠዋት በሩን ከፍቼ መጀመሪያ ያየሁት ሣሩን ነው። ውሃ አልተኛበትም። አምና በዚህ ጊዜ ከደጃፉ እስከ አጥሩ ኩሬ ነበር። ደስታዬን ለብቻዬ መያዝ ስላልቻልኩ፣ መሬቱን በቧንቧ በስቼ ሣሩን እንዴት እንዳዳንኩት ግቢያችሁ ውስጥ ሣር ለምታሳድጉ ላካፍላችሁ።

አጀማመሩን ላሳጥረው። ከአራት ዓመት በፊት ሰርዶ ከመስክ አምጥተን ቆራርጠን ተከልን። ሰርዶ ከመሬት በላይም ከመሬት በታችም እየተሳበ ስለሚሄድ በሁለት ክረምት ግቢውን ሞላው። አምና ጥር ላይ የእህቴ ሠርግ ደረሰና ድንኳኑ እሱ ላይ ተተከለ። ሦስት ቀን ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተጨፈረ። ከዚያ በኋላ ሣሩ ቢጫ ሆነ፤ ሳሳ። ውሃ ጠምቶት ነው ብዬ በየማታው አጠጣሁት። ውሃው ግን ላይ ላዩን ሄዶ ቦይ ውስጥ ይገባል። ግንቦት ላይ አንድ ቀን በደንብ አጠጥቼ፣ በማግስቱ መሬቱን በካቻቢቴ ወጋሁት። ሁለት ጣት ያህል ገብቶ ቆመ። መሬቱ ተረግጦ ተጠቅጥቋል።

የገበሬ ልጅ ሆኜ ይህን ቀድሜ አለማሰቤ ይቆጨኛል። የጤፍ ዘር ደቃቅ ስለሆነ ጠበቅ ያለ መሬት ይወዳል፤ ለዚህ ነው ማሳው በከብት የሚረገጠው። ልጅ ሳለሁ እኔም ከብት እየነዳሁ አስረግጫለሁ። ጤፍ ግን ታጭዶ መሬቱ እንደገና ይታረሳል። የግቢ ሣር ማረሻ አያገኘውም። ዓመት ከዓመት እንረግጠዋለን፤ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ይደፈናል፤ ሥሩ አየር ያጣል፤ ውሃም አይሰርግም። እንደ እኔ ግቢ ዋልካ፣ ማለትም ሲረጥብ የሚጣበቅ ከባድ አፈር ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

አምና ሐምሌ ላይ ፌሮ አሹዬ በመዶሻ እየመታሁ ግቢውን በሳሁት። በሁለት ምክንያት አልሠራም። አንደኛ፣ መሬቱ ጭቃ ነበር። ሁለተኛ፣ ድፍን ብረት አፈር አያወጣም፤ ወደ ጎን ይገፋል። የቀዳዳው ግድግዳ እንደ ተለሰነ ቤት ጠጠረና ውሃ ያዘ። ጫማ ላይ ሚስማር መትታችሁ ሣሩ ላይ ተመላለሱ የሚሉም አሉ። አሸዋማ መሬት ላይ ይሠራ ይሆናል፤ ለዋልካ ግን አልመክርም። ለዋልካ አፈሩን መዝዞ የሚያወጣ ነገር ያስፈልጋል።

ስለዚህ ብየዳ ቤት ሄድኩ። ሁለት ቁራጭ የግማሽ ኢንች ብረት ቧንቧ፣ መሃላቸው በእግር የሚረገጥ አግዳሚ፣ ከላይ ረጅም እጀታ። (ጥቁሩን ቧንቧ ምረጡ። ነጩ ዚንክ ስለተቀባ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ለበያጁ ጤና ጥሩ አይደለም።) ቤት ወስጄ ረገጥኩት፤ ሲወጣ የአፈር ቁራጭ ይዟል። ሁለተኛውን ረገጥኩ። ሦስተኛው ላይ ቧንቧው ተወተፈ። በፌሮ እየጎረጎርኩ አወጣሁ፤ አሁንም ተወተፈ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሠርቼ አንድ አልጋ የሚያህል ቦታ እንኳ አልጨረስኩም። መሣሪያውን አጥሩ ሥር ጥዬ አንድ ሳምንት ዞር ብዬ አላየሁትም።

ተመልሼ ለበያጁ ሳሳየው ጫፉን በጣቱ ዳሰሰና፣ «ጋሼ፣ ቧንቧው ምን አጠፋ? አፉ ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር። አፉና ሆዱ እኩል ስለሆኑ፣ የገባው አፈር ግድግዳውን ይዞ ይቀራል። ጫፉን ከውጭ በኩል ሳለውና ዙሪያውን ቀጥቅጦ አፉን ትንሽ አጠበበው። ከዚያ ከአፉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ጎኑን በግራይንደር በመስኮት መልክ ከፈተው። አሁን በጠባቡ አፍ የገባው ቁራጭ ሰፊው ሆድ ውስጥ አይጣበቅም፤ አዲሱ አሮጌውን ይገፋዋል፤ በመስኮቱ ይወድቃል። ጣት የሚያህሉ የአፈር ቁርጥራጮች ሣሩ ላይ ሲረግፉ ሳይ የተሰማኝን ልነግራችሁ አልችልም። ከሁሉም መሣሪያዬ አሁን የምወደው እሱን ነው።

እርጥበቱም ወሳኝ ነው። ዘንድሮ የሠራሁት ሰኔ መግቢያ ላይ፣ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ከጣሉ በኋላ፣ አንድ ቀን ተኩል ጠብቄ ነው። አፈሩ በእጅ ሲጨበጥ የሚያያዝ፣ ግን ጣት ላይ የማይለጠፍ መሆን አለበት። ደረቅ ከሆነ ቧንቧው አይገባም፤ ጭቃ ከሆነ መስኮቱም አያድናችሁም። ወቅቱም ለሰርዶ ጥሩ ነው፤ የሚያድግበት ጊዜ ስለሆነ ቀዳዳውን ቶሎ ይሸፍነዋል። ጥልቀቱ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ርቀቱ ግማሽ ስንዝር ገደማ። የወጣውን አፈር አትጥረጉት፤ ሲደርቅ በሬክ አድቅቁት።

ቀዳዳዎቹ ውስጥ ፍግና የወንዝ አሸዋ ቀላቅዬ ጠረግኩ። እዚህ ላይ አጥፍቻለሁ። ፍጉ ገና አልበሰለም ነበርና ሐምሌን በሙሉ አረም ስነቅል ከረምኩ። ዓመት የተኛ ፍግ ካላገኛችሁ ቀዳዳውን ባዶውን ተዉት፤ ይሻላል። ከጓሮ በኩል፣ ልብስ ማስጫው ሥር ያለውንም አልሠራሁትም። መዳፌ ተልጦ ነበር። ዛሬ ጠዋት ውሃ ያቆረው እዚያ ብቻ ነው።

በመጪው ጥር ደግሞ የታናሽ ወንድሜ ሠርግ አለ። ድንኳኑ የት ይተከል የሚለው ክርክር ቤት ውስጥ ተጀምሯል። እኔ ከወዲሁ የጎረቤቶቻችንን ባዶ ቦታ ለምኜ ፈቅደውልኛል፤ የቀረኝ እማዬን ማሳመን ነው።