ግድቡ፣ ንፋሱና ምጣዱ፦ ስለ ዶክትሬት ጥናቴ

በግንቦት 2011 የጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ በመቀነሱ መብራት በፈረቃ በሚታደልበት ወቅት አዲስ አበባ፣ እናቴ ቤት ነበርኩ። የሰፈራችን ተራ ደርሶ መብራቱ ሲመጣ፣ በየግቢው ሊጥ አዘጋጅቶ ሲጠብቅ የቆየው ሁሉ ምጣዱን በአንድ ጊዜ ይሰካ ነበር። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ አምፖሎቹ ይደበዝዛሉ፤ አንድ ቀን እንዲያውም የሰፈሩ ትራንስፎርመር ጭነቱን መሸከም አቅቶት ተቃጠለና የደረሰን ፈረቃ ሳንጠቀምበት አለፈ። እናቴ ኩፍ ያለውን ሊጥ እያየች «ልጄ፣ ሊጥ እኮ መብራት አይጠብቅም» አለችኝ። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ ተቀምጬ ስለ ተቀናጀ ዝቅተኛ ካርቦን የኃይል ሥርዓት የዶክትሬት ጥናት በምሠራበት ጊዜ፣ የምርምር ጥያቄዬ የተነሣው ከዚያ ንግግር መሆኑን ደጋግሜ አስታውሳለሁ።

ጥናቱ ምን እንደሆነ ለሚጠይቁኝ ዘመዶችና ወዳጆች በአጭሩ ልግለጸው። በኮምፒዩተር ውስጥ የአንድን አገር የኃይል ሥርዓት በእኩልታ እገነባለሁ፤ ይህም ሞዴል ይባላል። በዓመቱ 8,760 ሰዓታት በእያንዳንዷ ሰዓት ውስጥ የትኛው ማመንጫ ምን ያህል እንደሚያመነጭ፣ በየግድቡ ምን ያህል ውኃ ተይዞ እንደሚቆይ፣ በየትኛው መስመር ምን ያህል ኃይል እንደሚተላለፍ፣ ለወደፊትም ምን ዓይነት ማመንጫ የት ቢተከል እንደሚሻል የማይታወቁ ቁጥሮች ሆነው ይቀመጣሉ፤ የተፈጥሮና የምሕንድስና ገደቦች ይጨመሩባቸዋል፤ ከዚያም ገደቦቹን ሁሉ አክብሮ ጠቅላላ ወጪውን ዝቅተኛ የሚያደርገው መልስ ይፈለጋል። ስሌቱ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ይባላል። ሊዮኒድ ካንቶሮቪች በ1939 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በሌኒንግራድ የአንድን የኮምፔንሳቶ ፋብሪካ የማሽን ድልድል ሲያጠና የደረሰበት፣ ጆርጅ ዳንዚግ ደግሞ በ1947 በአሜሪካ የመፍቻ ዘዴውን ያበጀለት ሒሳብ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ «የተቀናጀ» የሚለው ቃል ነው። በመስኩ የሚነበበው ጽሑፍ አብዛኛው የተጻፈው በሰሜን አውሮፓ ስለሆነ፣ ቅንጅት ሲባል ኤሌክትሪክን ከቤት ማሞቂያ ጋር ማያያዝ ማለት ሆኗል። በዴንማርክ ከቤቶቹ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ሙቀት የሚያገኙት ከማዕከል በቧንቧ በሚመጣ ሙቅ ውኃ ነው፤ ንፋስ ሲበዛ ትርፉ ኤሌክትሪክ በግዙፍ ታንከር ያለውን ውኃ ያሞቃል፣ ንፋስ ሲጠፋም ታንከሩ ቤቶቹን ያሞቃል። ይህ ድንቅ አሠራር ነው። ነገር ግን አዲስ አበባ ላይ ቤቱን በቧንቧ የሚያሞቅ የለም፤ እንዲህ ያለውን ሞዴል እንዳለ አምጥቶ የኢትዮጵያን ቁጥር መሙላት፣ ባዶ ክፍል ያለው ቤት መሥራት ነው። የእኛ ሙቀት ያለው ምድጃ ላይ ነው።

ይህን ያህል አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውኃና ከንፋስ የሚመነጭ በመሆኑ፣ ሞዴሉ ኤሌክትሪኩን ብቻ ከተመለከተ የካርቦን ጥያቄው ገና ሳይነሣ የተመለሰ ይመስላል። አገሪቱ የምትጠቀመው ጠቅላላ ኃይል ሲታይ ግን ወደ ዘጠኝ አሥረኛ የሚጠጋው እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበትና የመሳሰለው ነው፤ ከሕዝቡም ግማሽ ያህሉ መብራት ገና አላገኘም። ስለዚህ ዝቅተኛ ካርቦን የሚለው ሐሳብ በእኛ አገር በመጀመሪያ የወጥ ቤት ጉዳይ ነው። ጭሱን የምትተነፍሰው እናትና እንጨት ተሸክማ ከእንጦጦ የምትወርደው ሴት በስሌቱ ውስጥ ካልተወከሉ፣ የሚገኘው መልስ ምርጥ ቢባልም እኔ እንደዚያ ብዬ ልጠራው አልችልም።

ምጣዱን ወደ ሞዴሉ ሳስገባ ያገኘሁት የመጀመሪያ ነገር ወረቀት ላይ በእጅ ሊሠራ የሚችል ሒሳብ ነበር። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ይወስዳል እንበል። አንድ ሚሊዮን ቤተሰብ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ቢጋግር፣ በዓመት የሚፈጀው 546 ጊጋ ዋት ሰዓት ነው፤ ይህም የሕዳሴ ግድብ በዓመት ያመነጫል ተብሎ ከሚጠበቀው ወደ 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ጋር ሲነጻጸር ከመቶ አራት እንኳ አይሞላም። ፍጆታው በሳምንቱ ሰዓታት ሁሉ እኩል ቢሠራጭ 62.5 ሜጋ ዋት ብቻ ይሆናል። ሁሉም ምጣድ በአንድ ሰዓት ቢሰካ ግን የሚጠየቀው 3,500 ሜጋ ዋት ነው፤ ይህም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ከተመረቀው ከሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት አቅም ሁለት ሦስተኛውን ያልፋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 56 እጥፍ ነው። በእርግጥ ሁሉም በአንድ ደቂቃ አይሰካም፤ ነገር ግን ፈረቃው ባለበት ቀንና በበዓል ዋዜማ ወደዚያ እንደሚጠጋ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ጥያቄው ኃይሉ ይበቃል ወይስ አይበቃም ከሚለው ይልቅ፣ መቼና በየትኛው ትራንስፎርመር በኩል የሚለው ይሆናል።

እንግዲህ መጋገሪያው ሰዓት ምን ያህል ሊገፋ ይችላል? ይህን የሚመልስ ቁጥር ባነበብኳቸው ጽሑፎች ስላጣሁ ወደ እናቴ ደወልኩ። አብሲት ሳይጣልበት በፊት ቡኮው ላዩ ላይ የጠለለው ውኃ እየተደፋ አንድ ቀን ቢቆይ ብዙም እንደማይጎዳ፣ አብሲቱ ከገባና ኩፍ ካለ በኋላ ግን ጊዜው የሰዓታት ብቻ እንደሆነ፣ ከዚያ ካለፈ እንጀራው እንደሚኮመጥጥና ዓይኑ እንደሚጠፋ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ይህ ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነበር። አብሲት መጣል በሞዴሉ ቋንቋ ወደ ኋላ የማይመለስ ውሳኔ ነው፤ ጭነቱ ሊገፋ የሚችልበት ጊዜ ከእሱ በፊት በቀናት፣ ከእሱ በኋላ በሰዓታት ይለካል። ከዚህም በላይ የተጋገረው እንጀራ ሁለት ሦስት ቀን መሶብ ውስጥ ይቆያል። ዴንማርኮች ሙቀታቸውን በታንከር እንደሚያስቀምጡ ሁሉ፣ የእኛ ቤተሰብ የምጣዱን ሙቀት በእንጀራ መልክ በመሶብ ያስቀምጣል፤ አሁን ሞዴሌ ውስጥ ቡኮው፣ ኩፍ ያለው ሊጥና መሶቡ ሦስት የተለያዩ ማከማቻዎች ሆነው ተጽፈዋል። የእንጨት ፍጆታን እስከ ግማሽ የሚቀንሰው ምርጥ ምድጃም በተወዳዳሪነት ገብቷል፤ መብራት በቶሎ በማይደርስበት ገጠር ምድጃው ከኤሌክትሪክ ምጣድ ቀድሞ ቢመረጥ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

በሌላው ጫፍ ውኃው አለ። ጊቤ ሦስት በኦሞ ላይ 1,870 ሜጋ ዋት፣ በለስ 460፣ ተከዜ 300 እያሉ የሚሄዱት ማመንጫዎች ሁሉ የሚሞሉት በአንድ ክረምት ነው፤ ክረምቱ ከሳሳ ሁሉም በአንድነት ይጎዳሉ። ንፋሱ ግን የሚበረታው በበጋ ነው። ስለዚህ በመቐለ አቅራቢያ ያለው የአሸጎዳ 120 ሜጋ ዋትና የአዳማ ሁለቱ ጣቢያዎች 204 ሜጋ ዋት መጠናቸው ከግድቦቹ አንጻር ትንሽ ቢመስልም፣ በጥርና በየካቲት ንፋሱ በሚያመነጨው ልክ ውኃ ግድቡ ውስጥ ይቆያል። ግድቡ የንፋሱ ባትሪ ይሆናል ማለት ነው፤ ባትሪውም አስቀድሞ ተሠርቷል።

የውኃው ዋጋ ስንት ነው ለሚለው ጥያቄ የካንቶሮቪች ሒሳብ መልስ አለው። ሞዴሉ ሲፈታ ለእያንዳንዱ ገደብ የጥላ ዋጋ የሚሉት ቁጥር አብሮ ይወጣል፤ በግድቡ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ሜትር ኩብ ውኃ ቢኖር ጠቅላላ ወጪው በምን ያህል እንደሚቀንስ ይነግራል። ማንም ሳይከፍልበት ከሰማይ የወረደ ውኃ፣ በግንቦት መጨረሻ ላይ ውድ እንደሚሆን በቁጥር ሲታይ የ2011 ዓ.ም. ግንቦት ትዝ ይለኛል። ሆኖም እዚህ ላይ ከባድ ችግር አለ፦ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ጊዜ የሚፈታ ሞዴል የነሐሴን ዝናብ በሰኔ ያውቃል። የግድብ ኃላፊ ግን አያውቅም። ስለዚህ ሞዴሉ ውኃውን ያለ ፍርሃት አሟጦ ይጠቀማል፣ ውጤቱም ከእውነቱ ይልቅ ርካሽ ሆኖ ይታያል። እንደ እኛ በውኃ የምትተማመነው ብራዚል ይህን ችግር ቀድማ ስለገጠማት፣ ተመራማሪዎቹ ፔሬራና ፒንቶ በ1991 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያሳተሙት፣ የሚመጣው ዝናብ ሳይታወቅ ስለ ውኃው የሚወሰንበት ዘዴ ዛሬም መሠረት ነው፤ እኔም ሁለተኛ ዓመቴን ያሳለፍኩት እሱን ከምጣዱ ጋር በማገናኘት ነበር።

ስለ መረጃም አንድ ነገር ልጨምር፣ ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ። የአየር ሁኔታ መረጃ በግሪንዊች ሰዓት ይመጣል፤ ከአገር ቤት ያገኘሁት የጭነት መዝገብ ግን በእኛ ሰዓት አቆጣጠር የተጻፈ ነበር። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ያለው ከፍተኛ ጭነት በፋይሉ ውስጥ ቁጥር 1 ሆኖ ተቀምጦ ስለነበር፣ ሞዴሉ ከእኩለ ሌሊት በኋላ አድርጎ አነበበውና ለሦስት ወራት የተሳሳተ ውጤት ሳይ ቆየሁ። ንፋሱንም በአማካይ መውሰድ እንዲሁ ያሳስታል፤ የንፋስ ኃይል ከፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ስለሚያድግ፣ ግማሹን ሰዓት በሴኮንድ 4፣ ግማሹን 8 ሜትር የሚነፍስ ንፋስ ሁልጊዜ በ6 ሜትር ከሚነፍሰው አንድ ሦስተኛ የበለጠ ኃይል ይሸከማል።

በጥር 2016 ይፋ የሆነው የቤንዚንና የናፍጣ መኪና ማስገባት እገዳ፣ እንዲሁም ከወላይታ ሶዶ ወደ ኬንያ የሚሄደውና እስከ 2,000 ሜጋ ዋት የሚያስተላልፈው መስመር ሞዴሉ ውስጥ አሉ፤ ስለ እነርሱ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። የኬንያው መስመር ሽያጭ በኅዳር 2015 ስለተጀመረ፣ በበጋ ማታ የሚሸጥ ኃይል ከሰፈራችን ምጣድ ጋር ተሻሚ መሆኑን ግን ከወዲሁ ልብ ማለት ይገባል።

በአሁኑ ወር የምሠራው አነስተኛውን ወጪ ካገኘሁ በኋላ፣ ወጪው ከመቶ አምስት እንዲጨምር ፈቅጄ ምን ያህል የተለያዩ ሥርዓቶች በዚያ ክልል ውስጥ እንዳሉ መፈለግ ነው። እኔ የምሻው እንጨቱን በብዛት የሚቀንሰውን፣ የሰፈር ትራንስፎርመሮችን ቀድሞ የሚያጠናክረውንና በደረቅ ዓመት ፈረቃ የማያስፈልገውን ነው፤ ሞዴሉ በራሱ ይህን አይመርጥም፣ እንዲመርጥ የሚያዘው ሰው ነው። ስሌቱን የጊቤ ሦስት ውኃ በ2011 እንደነበረው ዝቅ ካለበት ነጥብ አስጀምሬ ትናንት ማታ ለቅቄዋለሁ፤ አብሲቱም በየቤቱ በተለያየ ቀን እንዲጣል ሆኖ ተጽፏል።